የተለበለበ ሎሚ

ሰውየው የሞተው ሾርባውን ጨርሶ ነው።

መጨረስ ብቻም አይደለም። የሳህኑን ግድግዳ በዳቦ ጠርጎ፣ ዳቦውን ጎርሶ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ በመሐረብ አብሶ ነው። ከዚያ ሻይ አዘዘ። ሻዩ ሲመጣ አልነካውም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሞቀኝ» አለ፤ ወደ ግራ ዘመመ፤ የጠረጴዛውን ልብስ ይዞ ወረደ።

ብርጭቆው ተሰበረ። አንዲት ሴት ጮኸች።

መርማሪዋ የተቀመጠችው አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ነበር። የእሷም ሳህን ባዶ ነው። ያንኑ ሾርባ በልታለች፤ ከዚያው ድስት፣ በዚያው ሰዓት።

ሮጣ ደርሳ፣ ተንበርክካ አንገቱን ዳሰሰች። ምንም የለም። ቀና ስትል ሰባቱም ጠረጴዛ እሷን ያያል። ሥራዋን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ግን በዚያ ቤት የማይታወቅ ነገር አልነበረም።

«ማንም ከቦታው እንዳይነሣ» አለች።

ድምጿ ቀጭን ነበር። ቢሆንም ማንም አልተነሣም።

ምግብ ቤቷ በጫማ ሠሪና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሰነቀረች ናት። ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ አንድ ጊዜ ነፋስ ጥሎት ተመልሶ አልተሰቀለም፤ ሰው ግን አልጠፋባትም። ባለቤቷም አብሳይዋም አንድ ሴት ናቸው። ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ።

መርማሪዋ አራት ዓመት ሙሉ ምሳዋን እዚህ በልታለች። ጠረጴዛዋ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ያለችው ትንሿ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምትኖርበት ክፍል ውስጥ ምድጃ ቢኖርም አልተለኮሰም። ሲመሽ ወደ ክፍሏ ትሄዳለች እንጂ ቤቷ እዚህ ነበር። ሳታዝዝ ይመጣላታል። ስትታመም እትዬ በፊቷ ያውቁታል። አንገቷን ደፍታ ትበላለች፤ ማንም «ምነው ዝም አልሽ» አይላትም። ለእሷ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር አልነበረም።

የእትዬ የዓሣ ሾርባ ምሥጢሩ ሎሚው ነው። ለሁለት የተቆረጠውን ሎሚ በጋለ ብረት ላይ ደፍተው፣ ፊቱ እስኪጠቁር ለብልበው፣ በየሳህኑ ይጨምቁታል። ሳህን በሳህን። «ሎሚ እንደ ሰው ነው» ይላሉ። «አንዱ ጨካኝ፣ አንዱ ገራም። ሳይቀምሱ ማመን የለም።» ስለዚህ ማንኪያቸውን ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው፣ ከሳህኑ ጥቂት ቀድተው፣ በግራ እጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ ያደርጋሉ። ይልሳሉ። ከዚያ ሳህኑ በመስኮቱ ይወጣል። ያ የእጃቸው ጀርባ ከዓመታት ትኩስ ጠብታ የተነሣ የአዝራር ያህል ቡናማ ምልክት አውጥቷል።

የሞተው ሰው ደግሞ «ቀማሹ» ይባላል። በየሳምንቱ ስለ ሰፈር ምግብ ቤቶች በጋዜጣ ይጽፋል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ከተማዋን በሹካ ሲዞራት የኖረ ሰው ነው። ስለ አንዱ ቤት «በሬው ሲታረድ ካለቀሰው ይልቅ እኔ ስበላው ያለቀስኩት ይበልጣል» ብሎ ጽፏል። ከተማው ይስቃል። የተጻፈበት ቤት አይስቅም።

እትዬን ግን አመስግኗል። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሾርባ ቀምሼ አላውቅም» ብሎ የጻፈላቸውን ሌላ ሰው ቢሆን ምግብ አዳራሹ ውስጥ ይሰቅለው ነበር። እትዬ የሰቀሉት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ከምድጃው በላይ፣ እሳቸው ብቻ በሚያዩት ቦታ።

የዚያን ቀን መርማሪዋ ወጥ ቤቱን ስትፈትሽ ከምድጃው በላይ ሚስማሩ ብቻ ነበር። ሊጠርጉት አውርደውት ይሆናል አለች። አለፈችው።

*

«አንቺ ምስክር ነሽ ወይስ መርማሪ?» አላት አለቃዋ።

«ሁለቱንም ነኝ፣ አለቃ።»

«በሁለት ቢላዋ እንዳትበይ ብቻ።» ወረቀቱን ገፋላት። «የተባይ መርዝ ነው። ድስቱ ንጹሕ ነው። ያንቺም ሳህን፣ የሌላውም ሳህን ንጹሕ ነው። አንዱ ሳህን ብቻ። ከመስኮቱ እስከ ሰውየው ጠረጴዛ ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«አሥራ አንድ።»

«በአሥራ አንዱ እርምጃ ውስጥ ማን ነበር?»

«አስተናጋጁ። ኋላ ደግሞ ባለ ፎቁ ገብቶ ነበር።»

«ሴትየዋስ?»

«እትዬ እያንዳንዱን ሳህን ቀምሰው ነው የሚያወጡት። መርዝ ቢኖርበት መጀመሪያ የሚወድቁት እሳቸው ነበሩ።»

ቶሎ ነው ያለችው። አለቃው ጻፈው። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለእትዬ የግንብ አጥር ሆነች። አጥሩን ያጠረችው መርማሪዋ ራሷ ነበረች።

ባለ ፎቁ ከመንገዱ ማዶ፣ ፎቅ ላይ ምግብ ቤት ያለው ወፍራም ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ቀማሹ ስለ እሱ «ደረጃው ሃያ ሁለት ነው፤ ሾርባው ግን አንዱንም መውጣት አቅቶታል» ብሎ ጽፎ ነበር። ባለ ፎቁ በምሳ ሰዓት ጋዜጣውን ጨብጦ ገብቶ፣ «የበላኸው አንቆ ይግደልህ!» ሲል ሰባቱም ጠረጴዛ ሰምቷል።

«ረግመኸዋል» አለችው መርማሪዋ።

«ረግሜዋለሁ። እርግማን የሚገድል ከሆነ እኔን እናቴ ገና በሦስት ዓመቴ ቀብራኝ ነበር።»

«እጅህ ሳህኑ ላይ ደርሷል?»

«ሳህኑማ ባዶ ነበር። በዳቦ ጠርጎታል። እንዲያውም የቀናሁት በዚያ ነው።»

«በምን?»

«በመጥረጉ። የእኔን እንደቀረበለት ነው የመለሰው።» ድንገት ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ልሳደብ አልነበረም የሄድኩት። ተመልሰህ መጥተህ ብላልኝ ልለው ነበር። አፌ አዋረደኝ። አሁን የጻፈው እንደ ተጻፈ ቀረ፣ እኅቴ። ማን ያርመዋል? እኔማ ዕድሜውን ነበር የምለምንለት።»

በዙሪያው የነበሩ አራት ሰዎች ቃሉን አጸኑለት። ሲገባ ሳህኑ ባዶ ነበር። ባለ ፎቁ ተለቀቀ።

አስተናጋጁ ቀረ።

ሰፈሩ «ፈጣኑ» ይለዋል፤ ለፌዝ። ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ቀስ ብሎ የሚያኖር፣ ቀስ ብሎ የሚያነሣ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ዓይነ ስውር አባቱን ጠዋትና ማታ እያጎረሰ ነው የሚኖረው፤ ዝግታውን የተማረው ከዚያ ነው ይባላል። ቀማሹ በዚያው የምስጋና ጽሑፉ ውስጥ «ሾርባው ደርሶ እስኪመጣ ጢሜ አደገ» ብሎ በአንድ መስመር ወግቶት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳው ሁሉ ሲገባ ጢሙን ይዳብስበታል።

የመርዙ ጣሳ የተገኘው በፈጣኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

«ጣሳው ያንተ ነው?»

«የቤቱ ነው። አይጥ ነበረብን።»

«ማን ገዛው?»

«እኔ።»

«ማን ልኮህ?»

ፈጣኑ በጣቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጠረገ።

«ቀማሹን ትጠላው ነበር?»

«በእኔ የሳቀውን ሁሉ ብጠላ የምወደው አላገኝም ነበር።»

«ሳህኑን ከማን እጅ ተቀበልክ?»

«ከመስኮቱ።»

«መስኮት እጅ የለውም።»

«ከመስኮቱ ነው የተቀበልኩት።»

«የዚያን ቀን ፈጥነህ ነበር። ሾርባውን ስታቀርብለት ‘ዛሬስ ክንፍ አወጣህ እንዴ?’ ብሎሃል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ለምን ፈጠንክ?»

«እንዲያው።»

«እትዬ ሳህኑን ሲቀምሱት አይተሃል?»

ፈጣኑ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ረጅም አስተያየት ነበር።

«አንቺ እዚያው ከመስኮቱ ሥር ነበርሽ» አለ። «አንቺስ አይተሻል?»

መልሱን መሸሽ መሰላት። እንደዚያው ብላ ጻፈችው።

«በቃ!» አለ አለቃዋ። «ጣሳው የእሱ፣ ቂሙ የእሱ፣ እጁ የእሱ። ዕድሜውን ሙሉ ሲንቀራፈፍ የኖረ ሰው መርዝ ሲሸከም ፈጠነ። ዓርብ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

ማክሰኞ ነበር። ወደ መውጫው ስትሄድ የፈጣኑን አባት ከጣቢያው በር አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጎረቤት ነው ያመጣቸው። የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ።

«ልጄ ነው?»

«አይደለም፣ አባባ።»

«አዎ፣ እሱማ እንዲህ አይቸኩልም» አሉ።

*

የቀማሹ እኅት አንድ ግድግዳ ሙሉ ማህደር አሳየቻት። ወንድሟ የጻፈው ሁሉ በየዓመቱ ተቆርጦ ተለጥፏል።

«ጠላት ነበረው?» አለች መርማሪዋ።

«ቁጠሪያቸው» አለች እኅቱ ወደ ግድግዳው እያሳየች።

«ካንቺ ጋር ነበር የሚኖረው?»

«ሠላሳ ዓመት። አንድ ቀን የሠራሁትን በልቶልኝ አያውቅም። ‘ካልበላሁ አንጣላም’ ይለኛል።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተሰበረ። «አሁን ሳስበው እኮ አልተጣላንም። ምንም አልሆንንም።»

መርማሪዋ የመጀመሪያዎቹን ማህደሮች ተሸክማ ወደ ጣቢያ ተመለሰች። ቢሮዋ ጥግ ከመረቻቸው።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ እግሯ ከልማዱ ወደ እትዬ ቤት ሊወስዳት ነበር። በሩ በፖሊስ ትእዛዝ ተዘግቷል። በጣቢያው ማዶ ወዳለች ሌላ ምግብ ቤት ገባች። ሾርባ አዘዘች።

ጨው ነበር። ጨውነቱ ጉሮሮ ይይዛል።

ሌላ ሰው ቢሆን አስተናጋጁን ይጠራል። እሷ አትጠራም፤ እንዲህ ያለ ድፍረት አልፈጠረባትም። ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤቱ ክፍት በር አየች። አብሳዩ ቆሞ ይቀዳል። እጁ ሳህኑን ሞላ። እጁ ሳህኑን ሰጠ። ሞላ፣ ሰጠ። አልቀመሰም። እንዲህ ቀላል ነው ለካ፣ አለች በሆዷ።

ከዚያ ቀዘቀዘች።

ያንን እጅ ከዚህ በፊት አይታዋለች። መሙላትና መስጠት ብቻ። በሌላ መስኮት።

የዚያን ቀን ማንኪያዋ ወድቆባት ነበር። ጎንበስ ብላ አነሣችው። ቀና ስትል፣ አንገቷን ደፍታ የምትበላው እሷ ለአንድ አፍታ ቀና ስትል፣ መስኮቱ ላይ ሁለት ሳህን ነበር። የመጀመሪያው የእሷ ነው። ሎሚ፣ ማንኪያ፣ ጠብታ፣ ምላስ። ሁለተኛው የቀማሹ ነው። ሎሚ። ከዚያ እጅ። ከዚያ መስኮት።

እትዬ የግራ እጃቸውን ጀርባ በሽርጣቸው ጠረጉ። ደረቅ እጅ።

አይታው ነበር። ዓይኗ አይቶት ልቧ አልተቀበለውም ነበር። ፈጣኑም የጠየቃት ይህንኑ ነበር፤ አንቺስ አይተሻል? አለቃዋ ያን መልስ ከእሷ አፍ ሰምቶ አያውቅም። እሷ ካልነገረችውም አይሰማም። ዝም ብትል ዓርብ ይደርሳል፤ ፈጣኑ ይሄዳል፤ የትንሿ ጠረጴዛ ወንበርም ይጠብቃታል።

ሾርባውን ትታ ወጣች።

ማህደሮቹን ከሥር ጀምራ ገለጠች። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት። ጠባብ ጽሑፍ ናት፤ ከቀማሹ ትንሽዬ ፎቶ ጎን የወጣች።

«ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባልና ሚስት የከፈቷት ቤት አለች። ባል ያበስላል፤ ሚስት ማንኪያ በሽርጧ ኪስ ይዛ ድስት ስትቀምስ ትውላለች። ምን ያደርጋል? ምላሷ ከሞተ ቆይቷል፤ እኛ የተጠራነው ለቀብሩ ነው። የዓሣ ሾርባው ነጭና ወተት መሳይ ነው፤ ከፈን በሉት።»

ነጭ። የእትዬ ሾርባ ነጭ ሆኖ አያውቅም። በተለበለበ ሎሚ ጠይም ነው።

መርማሪዋ ማህደሩን ዘጋች። አሁን ሁሉም ነገር ባይፈለግም መጣ። ቀማሹ ከመሞቱ ከዐሥር ቀን በፊት፣ ምሳ በልቶ ሆዱን እየዳበሰ ጨዋታ ጀምሮ ነበር። ወጣት ሳለ አንድ ሳምንት ጥርሱ አብጦ ውሃ እንኳ መዋጥ አቅቶት፣ ጽሑፉ ደግሞ መድረስ ነበረበትና ከጓደኛው አፍ እየሰማ ስለ ሦስት ቤቶች ጻፈ። «አንዷማ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ናት» አለ። «እስከ ዛሬ በሯን አላውቀውም! ግን እንደ እሷ ያሳቀልኝ ጽሑፍ የለም።»

ምግብ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሷም ስቃለች። አፏን በእጇ ሸፍና።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከመስኮቱ ወዲያ የጭልፋው ድምፅ ቀጥ ብሎ ነበር። ያኔ ያን ማንም አልሰማም።

*

የእትዬ ቤት የጓሮ በር አልተቆለፈም ነበር። ሐሙስ ቀትር ነው። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ ከአንዱ በስተቀር። የእሷ ወንበር መሬት ላይ ነበር።

«ምሳ አልበላሽም» አሉ እትዬ ከመስኮቱ ወዲያ። «ፊትሽ ያስታውቃል። ተቀመጪ።»

«ለጥያቄ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። በባዶ ሆድ አልመልስም፤ አንቺም በባዶ ሆድ አትጠይቂ።»

ሎሚ ቆርጠው ብረቱ ላይ ደፉት። ሎሚው ጮኸ።

«ከምድጃው በላይ የነበረው ጽሑፍ የት ሄደ?»

«አነደድኩት።»

«መቼ?»

«ስለ ጥርሱ ያወራን ቀን።»

«ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ የነበረው ቤት የእርስዎ ነው።»

«የባሌ ነበር። እኔ ቀማሽ ነበርኩ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ከሎሚው አልተነሣም። «ሰው በሳቅ ይሞታል ቢሉሽ ታምኛለሽ? ይሞታል። መጀመሪያ ሰፈሩ ሳቀ። የአውቶቡስ ረዳቶች እንኳ ‘ለቀብር የሚወርድ!’ እያሉ በራችን ላይ ይጣሩ ነበር። ያልፋል አልኩ። እሱስ አለፈ። ያላለፈው ባሌ ነው። አንድ ቀን ድስት ቀምሼ ‘ጨው በቅቶታል’ ስለው፣ ጨልፎ ራሱ ቀመሰ። አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ አድርጎት አያውቅም። ከዚያ ‘ያንቺ ምላስ እንደሆነ ሞቷል’ አለኝ። እየቀለደ አልነበረም፣ ልጄ። አምኖ ነው።»

መርማሪዋ ደብተሯን አላወጣችም።

«ከዚያ ወዲያ የቀመስኩትን አልበላም። የሚያበስለውንም አላመነም። በዓመቱ አመድ መስሎ ሞተ። ሐኪሞቹ የሆነ ስም ሰጡት። ስሙን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ያኔ ለምን…»

«ያኔማ እውነት መስሎኝ! የተማረ ሰው ቀምሶ ፈረደ፤ በጋዜጣ ወጣ። እኔ ማን ነኝ? ይሄን ሁሉ ዓመት ሳህን በሳህን ስቀምስ የኖርኩት ጎበዝ ሆኜ መሰለሽ? ፈርቼ ነው። ምላሴ ሞቶ ይሆን እያልኩ ነው።» የእጃቸውን ጀርባ አሳዩዋት፤ ያንን ቡናማ ምልክት። «በዚያ በር ሲገባ ወዲያው አወቅሁት። እሱ አላወቀኝም። መቼ አይቶኝ! እኔ ግን የረሳኝ መስሎኝ ቀዳሁለት። ‘እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም’ ብሎ ጻፈ። አለቀስኩ። ፈራጄ ፍርዱን አነሣልኝ ብዬ ይቅር አልኩት። ሁለት ዓመት እንደ ልጅ ነው ያበላሁት። ከዚያ ጥርሴን አሞኝ ነበር አለን።»

ሎሚውን ገለበጡት። ፊቱ ጠቁሯል።

«ሳይቀምስ» አሉ። «ቢቀምስና ቢጠላው እኮ መብቱ ነበር።»

«እኔም ስቄያለሁ» አለች መርማሪዋ።

«አይቼሻለሁ። አፍሽን ሸፍነሽ።»

እትዬ ሎሚውን ከብረቱ ላይ አነሡት።

«የእኔን ሳህን ቀመሱ። የእሱን አልቀመሱም።»

«ማየትሽን አላወቅሁም። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ነው የምትበይው።»

«ማንኪያዬ ወድቆብኝ ነበር።»

«ማንኪያ!» አሉ እትዬ፤ ሳቅ ቃጣቸው።

«ቢያስመስሉ ኖሮ፣ እትዬ። ባዶ እጅዎን ቢልሱ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። አለቃዬም እኔም ለእርስዎ ምለን ነበር።»

ያን ጊዜ ተቆጡ። ከተዋወቁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ሳልቀምስ የቀመስኩ ልምሰል? እንደ እሱ? እሱ ያልቀመሰውን ቀመስኩ አለ። እኔ ያልቀመስኩትን አልቀመስኩም። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ይህ ብቻ ነው። ሌላ ልዩነት እንኳ አሁን የለንም።»

«ፈጣኑስ?»

እትዬ ጭልፋውን አነሡ።

«መርዙን እንዲገዛ የላኩት እርስዎ ነዎት። ስምዎን አልጠራም። ዓርብ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው። አባቱ ጣቢያ በር ላይ ተቀምጠዋል።»

«ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ…» አሉ። ቃሉ አላልቅ አላቸው። «ያንን ሰው ስገድል አላፈርኩም። በዚህ ግን አፍሬያለሁ። አፈርኩ እንጂ አልሄድኩም። ይህንንም ጻፊው።»

ሾርባውን ቀዱ። ሎሚውን ጨመቁ። ማንኪያቸውን ከሽርጣቸው አውጥተው ከሳህኑ ቀድተው፣ በግራ እጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አደረጉ። ላሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«በቅቶታል። እንኪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ሳህኑ በመስኮቱ ወጣ። የሚሸከመው አልነበረም፤ ተነሥታ ራሷ ተቀበለችው። ንጹሕ እንደሆነ እንደ ገዛ ስሟ ታውቃለች። ማንኪያውን አነሣች። ሽታው የአራት ዓመት ምሳ ሁሉ ነበር። እጇ እመንገድ ላይ ቆመ። አፏ አልከፈት አላት።

«አላመንሽኝም» አሉ እትዬ።

«አምኜዎታለሁ።»

«እኮ ብዪ።»

አልቻለችም።

ስለ ባላቸው ሲያወሩ ያልወደቀው የእትዬ ፊት ያን ጊዜ ወደቀ። የቀመሱትን ሳህን የመለሰባቸው ሁለተኛ ሰው እሷ ነበረች። ምድጃውን አጠፉ። ሽርጣቸውን ፈትተው በአራት አጠፉት። ማንኪያውን ከላዩ አስቀመጡ።

«እንሂድ በይ» አሉ። «ያ ሽማግሌ ልጁን ይውሰድ።»

*

አለቃዋ አመሰገናት። ሰፈሩ አላመሰገናትም። በተዘጋው በር ስታልፍ ጫማ ሠሪው ከመዶሻው ቀና ሳይል «ወጪት ሰባሪ» አለ። ለእሷ ይሁን ለጫማው አልለየም። እሷ ግን ለማን እንደሆነ ታውቃለች።

ፈጣኑ ቅዳሜ ጣቢያው በር ላይ ጠበቃት። ከአባቱ ጋር ነበር፤ ክንዳቸውን ይዟል።

«አንቺ ነሽ አሉ ያስፈታሽኝ።»

«አዎ።»

«ላመሰግንሽ ነበር የመጣሁት። አፌ እምቢ አለኝ።»

«አትልፋ።»

ሊሄድ ዞረና ቆመ።

«አይቼ ነበር» አለ። «ሳይቀምሱት ሲሰጡኝ። ‘ረሱት እንዴ?’ ብያለሁ በሆዴ። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ እጠይቃቸው ነበር፤ እኔ እንደሆንኩ መቆም አይከብደኝም። ግን የዚያን ቀን ጠዋት አንዱ እንግዳ ጢሙን ዳብሶብኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉም ይዳብሳል። ዛሬስ ልፍጠን፣ ዛሬስ ይህን ሰውዬ ላሳየው አልኩ። ብድግ አድርጌ በረርኩ።»

የአባቱን ክንድ አጥብቆ ያዘ።

«በዕድሜዬ አንድ ቀን ፈጠንኩ» አለ።

ከዚያ አባቱን ይዞ፣ እንደ ልማዱ ቀስ እያለ፣ መንገዱን ተሻገረ።